ሄንሪ ፖላክ፤ የአምስተርዳም አልማዝ ሠራተኞች መሪ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተነገረ)



ባለፈው ዓመት የመዋጮ ነገር ተነሥቶ ስብሰባው እንዴት እንደተበተነ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ገሚሱ «ይጨመር» ሲል፣ ገሚሱ «ለድንኳንና ለንፍሮ ይህን ያህል ገንዘብ ምን ያደርጋል» ብሎ ተነሣ። እኛም እንደ ጸሐፊነታችን ያልተቋጨ ቃለ ጉባኤ ታቅፈን ቀረን። ዛሬ የቀረብነው ያንን ጭቅጭቅ ለመቀስቀስ አይደለም። ስለ አንድ ሰው ልንነግራችሁ ነው። ሰውየው የሆላንድ ሰው ነው፣ ከሞተም ቆይቷል፣ እኛን አያውቀንም። ነገር ግን ሕይወቱን ሙሉ የተከራከረው በዚሁ በመዋጮ ነገር ላይ ነበር።

እንዴት ልናውቀው እንደቻልን መጠየቃችሁ አይቀርም። የአንድ አባላችን ልጅ ሆላንድ አገር ትኖራለች። ለእረፍት መጥታ ሳለ የከተማውን ፎቶግራፍ ስታሳየን አንድ ግንብ አየን፤ ጡቡ የተዋበ፣ ማማ ያለው። «ይኼ የየትኛው ንጉሥ ቤት ነው?» ብንላት ሳቀችና «የንጉሥ አይደለም አባባ፤ አልማዝ የሚሞርዱ ሠራተኞች በመዋጮ ያሠሩት የማኅበር ጽሕፈት ቤት ነው» አለችን። እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ነን፤ መዋጮ ምን እንደሚገዛ እናውቃለን ባዮች ነበርን። በዚያ ምሽት እንቅልፍ አልወሰደንም። ከዚያ ወዲህ እርሷ እየተረጎመችልን፣ እኛም እየጠየቅን፣ የሰውየውን ታሪክ አጠራቀምን።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛው ለመመለስ ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ ነው፤ ይህንን ለናንተ ትተነዋል።

ሰውየው ሄንሪ ፖላክ ይባላል። በ1868 አምስተርዳም ከተማ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርቱን በልጅነቱ አቋርጦ እንደ ብዙው የሠፈሩ ልጅ ወደ አልማዝ ሥራ ገባ። በሆላንድ መሬት አልማዝ የሚባል ነገር አይወጣም። ድንጋዩ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ይሁን እንጂ የመሰንጠቁና የመሞረዱ ጥበብ በአምስተርዳም ከብዙ ዘመን ጀምሮ የቆየ ነበር፤ በብዛትም የአይሁድ ሙያ ነበር። በ1870ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ አፍሪካ አልማዝ ሲገኝ ሥራው እንደ ጎርፍ መጣ። ደመወዙም ከፍ አለ። ያን ጊዜ ሁሉም ልጁን አልማዝ ሞራጅ ለማድረግ ተሽቀዳደመ። ሠራተኛው ሲበዛ ደግሞ ዋጋው ወደቀ። አንድ ወር ሥራ፣ ሁለት ወር ቁጭ ማለት ሆነ።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለኋላው ስለሚጠቅም በአጭሩ እንናገር። አልማዝን የሚቆርጠው ራሱ አልማዝ ነው። ድንጋዩ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፤ ቀጥሎ ቅርጹ ይወጣለታል፤ በመጨረሻ ዘይትና የአልማዝ ዱቄት በተቀባ፣ በፍጥነት በሚሽከረከር የብረት ገበታ ላይ ይሞረዳል። ድንጋዩ ትንሽ ስለሆነ በእጅ አይያዝም። ቀልጦ በረጋ የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ ውስጥ ይተከልና ቅይጡን የያዘችው ጽዋ በመዳብ ዘንግ ላይ ትቆማለች። ሠራተኛው ዘንጓን እያጎበጠ የድንጋዩን ገጽ ወደ ገበታው ያስተካክላል። እንግዲህ መዳብ ደጋግሞ ሲጎብጥ ይሰበራል። ስባሪው ይጣላል። ይህቺን የመዳብ ስባሪ በልባችሁ ያዙልን፤ ወደ እርሷ እንመለሳለን።

ፖላክ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሥራ ፍለጋ ወደ ሎንዶን ሄደ፤ ተመልሶም ደግሞ ሄደ። ሚስቱን ኤሚሊ ናይኬርክን ያገባውም እዚያው ነው። በሎንዶን ያየው ነገር ግን ከሥራው ይልቅ ልቡን ያዘው። የእንግሊዝ ባለሙያዎች ማኅበራት በየሳምንቱ ዳጎስ ያለ መዋጮ ይሰበስባሉ፤ ደመወዝ የሚከፈለው ጸሐፊ አላቸው፤ መዝገባቸው ንጹሕ ነው፤ ከአሠሪ ጋር ሲነጋገሩ ሣጥናቸው ሙሉ ስለሆነ አይለማመጡም። በአገሩ የነበረው ሌላ ነበር። የሆላንድ ሠራተኛ ሲቆጣ ይሰበሰባል፤ ያጨበጭባል፤ ሥራ ያቆማል፤ በሳምንቱ ልጆቹ ሲራቡ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። መዋጮ ሲባል የሚሰጠው ሽርፍራፊ ነበር። ፖላክ በኋላ ሲድኒና ቢያትሪስ ዌብ የተባሉ ባልና ሚስት ስለ እንግሊዝ የሠራተኛ ማኅበራት የጻፉትን ትልልቅ መጽሐፍ ወደ ሆላንድ ቋንቋ ተርጉሟል። በልጅነቱ ትምህርት ያቋረጠ ሰው ነው ይህንን ያደረገው። እኛ በዚህ በጣም ተደነቅን።

በ1894 ኖቬምበር ላይ ነገሩ ፈነዳ። በዚያን ጊዜ የአልማዝ ሠራተኛው የተከፋፈለ ነበር። ሰንጣቂው ለብቻ፣ ሞራጁ ለብቻ፤ ትልቅ ድንጋይ የሚሠራው ለብቻ፣ ስብርባሪ የሚሠራው ለብቻ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አይሁዱ ለብቻ፣ ክርስቲያኑ ለብቻ። አንድ ሠፈር ውስጥ ሰባት እድር ተቋቁሞ አንዱ የሌላውን ቀባሪ ሲያማ እንደማለት ነው። አድማውን የጀመሩት ክፍያቸው እጅግ ዝቅ ያለባቸው ስብርባሪ ድንጋይ ሞራጆች ሲሆኑ በብዛት ክርስቲያኖች ነበሩ። አይሁዶቹ «የነሱ ጉዳይ ነው» ብለው ሊቀመጡ ይችሉ ነበር። አልተቀመጡም። በጥቂት ቀናት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሥራ አቆመ፤ አሠሪዎቹም የክፍያ ተመን ተቀበሉ። በዚያው ወር በ18ኛው ቀን የመላው ሆላንድ አልማዝ ሠራተኞች ማኅበር ተመሠረተ። ሊቀመንበሩ አይሁዱ ፖላክ ሆነ፤ ከጎኑ የቆመው ትልቁ ሰው ደግሞ ከክርስቲያኖቹ ወገን የመጣው ያን ፋን ዙትፌን ነበር። ሁለቱ ለአርባ ዓመት ያህል አብረው ሠሩ። በእድራችን ውስጥ ቀብራቸው በተለያየ ሥርዓት የሚፈጸም ጎረቤታሞች አንድ ድንኳን ሥር ስለምንቀመጥ ይህ ነገር ለኛ አዲስ አይመስልም። ለነሱ ግን በዚያ ዘመን አዲስ ነበር።

አሁን ወደ መዋጮው እንምጣ። ድል በተገኘ ማግስት ሁሉም አባል ነው፤ ይህ በየትም አገር ያለ ነው። ችግሩ ጭብጨባው ከበረደ በኋላ ነው። ፖላክ «መዋጮው ከፍ ይበል፣ በየሳምንቱ ይከፈል፣ ያልከፈለ አባል አይደለም» አለ። አጉረምራሚ አልጠፋም። ድሀ ነን ያሉት እውነታቸውን ነበር፤ ድሆች ነበሩ። የርሱ መልስ በአጭሩ ድሀ በመሆናችን ነው ሣጥናችን መሙላት ያለበት የሚል ነበር። ሀብታሙ ለክፉ ቀን ቤት አለው፣ ንብረት አለው፤ ሠራተኛው ያለው ጎረቤቱ ብቻ ነው። የጎረቤት እጅ ደግሞ ባዶ ከሆነ አብሮ ከማልቀስ ሌላ ምን ይፈይዳል?

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ሣጥናችን ባዶ በነበረበት በአንድ ክረምት፣ በአንድ ሳምንት ሁለት ሰው ሞተብን። ለመጀመሪያው ያለውን አወጣን። ለሁለተኛው ቀባሪው ቆሞ ሳለ እኛ ከቤት ወደ ቤት እየዞርን ብር እንለቅም ነበር። ድንኳኑም ከሌላ ሠፈር በውሰት መጣ፤ ያውም የሚያፈስስ። የሟቹ ሚስት «ለሱ ሲሆን ነው ያለቀው?» ብላ የጠየቀችን ጥያቄ በየትኛውም ቃለ ጉባኤ ውስጥ አልተጻፈም። እኛ ግን አልረሳነውም። ገንዘቡን ማንም አልበላውም፤ ሒሳቡ እስከ ሳንቲሙ ልክ ነበር። ልክ የሆነ ትንሽ ሒሳብ ነበር፣ ይኸው ነው።

የአምስተርዳሞቹ ሣጥን እየሞላ ሲሄድ ምን ተገኘ? በአንድ ወቅት አባላቱ ወደ 10000 ደረሱ፤ በዚያ ሙያ ካለው ሠራተኛ ከማኅበሩ ውጭ የቀረው ጥቂት ነበር። ሴቶች ሞራጆችም አባል ነበሩ። በ1899 የደቡብ አፍሪካ ጦርነት ተነሥቶ ድንጋዩ ሲቋረጥ ሥራ የፈታውን መደገፍ ተቻለ። በ1910 በዓመት የአንድ ሳምንት እረፍት ተገኘ። በ1911 የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ተገኘ። በሆላንድ አገር ይህንን ያገኘ የመጀመሪያው ሙያ ነው። አባቶቻቸው በቀን እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ገበታው ላይ ተደፍተው ይውሉ ነበር። ለአገሩ ሠራተኛ በሕግ የተፈቀደው በ1919 ስለሆነ፣ የአልማዝ ሠራተኛው ስምንት ዓመት ቀደመ።

ስለዚያች የመዳብ ስባሪ ደግሞ እንናገር። ይህ የፋን ዙትፌን ሥራ ነው፤ እኛም ከሁሉ አብልጠን የወደድነው ነው። የአልማዝ መሞረጃ ቤቶች አየር የሌላቸው፣ አቧራ የበዛባቸው ስለነበሩ የሳንባ ነቀርሳ ብዙ ሠራተኛ ይፈጅ ነበር። በዚያን ጊዜ መድኃኒት አልነበረውም፤ የታመመ ሰው ተስፋው ንጹሕ አየር፣ ፀሐይ፣ ምግብና እረፍት ነበር። ይህ ደግሞ ለሀብታም እንጂ ለድሀ የሚሆን ሕክምና አይደለም። በ1905 ከየመሞረጃ ቤቱ የሚጣለውን የመዳብ ዘንግ ስባሪ መሰብሰብና መሸጥ ተጀመረ። የመዳብ ዘንግ ፈንድ ብለው ሰየሙት። እያንዳንዷ ስባሪ ዋጋ የላትም። በሺህ የሚቆጠር ሰው በየቀኑ ሲጥላት የነበረችው ግን ስትሰበሰብ ገንዘብ ሆነች። በዚያ ገንዘብ በሽተኞች ይታከሙ ጀመር። በ1919 ሒልፈርሱም ከተባለ ከተማ አጠገብ ሰፊ መሬት ተገዛ። በ1928 ዞነስትራል የተባለ የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ተከፈተ፤ ትርጉሙ የፀሐይ ጨረር ማለት ነው። መሐንዲሱ ያን ዳውከር ነጭ ሲሚንቶና መስታወት ብቻ የሚመስል፣ ፀሐይ ከየአቅጣጫው የሚገባበት ቤት ሠራ። ሲሠራም በሽታው በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ከአገር ይጠፋል፣ ስለዚህ ቤቱ ለዘለዓለም መቆም የለበትም ተብሎ ታስቦ ነበር አሉ። በእርግጥም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መድኃኒቱ ሲገኝ የሳንባ ሕመምተኛ ጠፋና ሕንፃው ለሌላ ሕክምና ሆነ። ዛሬ ታድሶ ከዓለም ዙሪያ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ሊያዩት ይሄዳሉ። ከቆሻሻ መጣያ የተለቀመ መዳብ ነው መነሻው።

ያንን በፎቶግራፍ ያየነውን ግንብ ያሠሩት በ1900 ነው። መሐንዲሱ ቤርላኸ ይባላል። ይህ ሰው በዚያው ዘመን የአምስተርዳምን ነጋዴዎች ትልቁን የገበያ አዳራሽ ሲሠራ የነበረ ነው። ለነጋዴው የሠራው መሐንዲስ ለሠራተኛውም ይሥራ ብለው ርሱኑ ጠሩት። በውስጡ መሰብሰቢያ አዳራሽና ቤተ መጻሕፍት ነበረው። አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ ለምን? ገንዘቡን ለአባላት ማከፋፈል አይሻልም ወይ?» ማለቱ አይቀርም፤ እኛም መጀመሪያ እንደዚያ ብለን ነበር። ፖላክ ግን ሠራተኛ እንጀራ ብቻ ሳይሆን ውበትም ይገባዋል ባይ ነበር። በማኅበሩ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ስለ ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ስለ ቋንቋ፣ ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ዛፍና ስለ አሮጌ ሕንፃ ይጽፍ ነበር። አባላቱን ስለ አነጋገራቸው እንኳ ይገሥጻቸው ነበር። ስለ አገሩ መልክዓ ምድር የጻፈው መጽሐፍ ታዋቂ ሲሆን፣ በ1932 የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ሰጠው።

በፖለቲካው በኩል በአጭሩ እንለፍ። በ1894 ኦገስት፣ ከአድማው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ የሶሻል ዴሞክራት የሠራተኞች ፓርቲን ከመሠረቱት አሥራ ሁለት ሰዎች አንዱ ርሱ ነበር፤ ሕዝቡ አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ብሎ ይቀልድባቸው ነበር። የአምስተርዳም ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነ። በ1903 ኤፕሪል ታላቁ አድማ ሲሸነፍ፣ ባዶ ሣጥን ይዞ መነሣት የሚያመጣውን ሁሉም አየ። ከዚያ በኋላ በ1906 ሥራ የጀመረው የሆላንድ ሠራተኛ ማኅበራት ኅብረት በአልማዝ ሠራተኞቹ አምሳል ተደራጀ፤ ከዋና መሥራቾቹም አንዱ ፖላክ ነው። ከ1913 እስከ 1937 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነበር። የማኅበሩን ወንበር ግን አልለቀቀም፤ እስከ 1940 እርሱ ነው ሊቀመንበሩ።

አርባ አምስት ዓመት አንድ ወንበር! እዚህ ላይ አንስማማም። ደግ አባትም ቢሆን ልጆቹን ቤቱን የማስተዳደር ዕድል ካልሰጣቸው ጥሩ አይደለም። ማኅበሩ አዲስ ተለማማጅ እንዳይበዛ የሙያውን በር አጥብቦ መዝጋቱም ለውስጡ ሰው ጥቅም ቢሆንም፣ ለውጭው ድሀ ልጅ ግን በር መዝጋት ነው። ደግሞም ቤልጂግ ውስጥ በርካሽ የሚሠራ ሠራተኛ ሲበዛ ሥራው ከ1920ዎቹ ጀምሮ ወደዚያ ሸሸ። ሙሉ ሣጥን ሁሉን ነገር አይከለክልም።

የመጨረሻውን ዘመን መናገር ይከብደናል። ፖላክ በ1933 የአይሁድ ጥላቻን ሳይንስ ነው የሚሉትን የሚቃወም መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በ1940 ሜይ የጀርመን ጦር ሆላንድን ያዘ። በዚያው ክረምት ፖላክን አሰሩት፤ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነበር። በ1941 የካቲት የአምስተርዳም ሠራተኞች በአይሁድ ጎረቤቶቻቸው ላይ የደረሰውን በመቃወም ትራሙን አቁመው ከተማውን ለሁለት ቀን ዘጉት። ጥይት በረደባቸው፤ አድማው ተሰበረ። ፖላክ በ1943 ፌብሩዋሪ 18 ቀን፣ ሰባ አምስት ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ሲቀረው፣ ላረን በተባለው መንደር በሳንባ ምች ሞተ። ሚስቱን ኤሚሊንም ከዚያ በኋላ ቬስተርቦርክ ወደተባለው ማጎሪያ ወሰዷት።

እኛ የእድር ሰዎች ነን፤ ይህንን የምንሰማው በእድር ጆሮ ነው። በደህና ቀን ቢሆን ኖሮ ያን ሰው አሥር ሺህ ቀባሪ ይሸኘው ነበር። በዚያ ወር ግን አይሁድ ሊሰበሰብ ቀርቶ በቤቱ ሊያድር አልቻለም። በሆላንድ ከነበሩት 140000 ያህል አይሁዶች ከ100000 በላይ ተገደሉ። የማኅበሩ አባላት፣ የነዚያ ሞራጆች፣ የሚስቶቻቸውና የልጆቻቸው ብዛት ከዚያው ውስጥ ነው። መቃብር የላቸውም። ድንኳን የተጣለለት የለም፣ ሰልስት የወጣለት የለም። ያቺ የተረጎመችልን ልጅ እዚህ ስትደርስ አቆመች፤ እኛም ቀጥይ አላልናትም።

ከጦርነቱ በኋላ የተረፈው አባል ጥቂት ስለነበር ማኅበሩ በ1958 ፈረሰ። ግንቡ ግን ቆሟል። የቆመበትም መንገድ ዛሬ በርሱ ስም ሄንሪ ፖላክ ጎዳና ተብሎ ይጠራል። ልጅቷ ፎቶግራፉን ትታልን ስለሄደች ከመዝገብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል፤ ማየት የሚፈልግ ከስብሰባው በኋላ ይምጣ።

የመዋጮው ጉዳይ በአጀንዳው ተራ ቁጥር 4 ላይ ተይዟል። ሒሳቡን ቁጭ አድርገን ሠርተናል፤ ገቢው፣ ወጪው፣ በያመቱ የቀበርነው ሰው ቁጥር ሁሉ በወረቀቱ ላይ አለ። በየወሩ መክፈል የማይችሉ አቅመ ደካሞች ስማቸው ሳይነሣ እንዴት እንደሚታለፍም በገጽ ሁለት ተጽፏል። ዓይናችን ስለደከመ የሚያነበው ምክትል ጸሐፊው ነው።